ባዶ ሆድ ያለው ይግባ

ባዶ ሆድ በነፃ የሚገኝ ነገር ይመስላችኋል? እኔም ይመስለኝ ነበር። ሰው ሲያጣ ሳይጠራው የሚመጣ፣ ፈላጊ የሌለው ነገር አድርጌ ነበር የማየው። ሆሳዕና ከተማ ውስጥ የግማሽ ቀን ባዶ ሆድ ፈልጌ በሬ እንደጠፋበት ሰው ስባዝን ነው እንዴት ያለ ብርቅ ነገር መሆኑ የገባኝ። ይህን ስል አንዳንዶቻችሁ "ይሄ ሰውዬ ጠግቧል" ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ፤ ችግሬም እሱው ነበር።

ልብስ ሰፊ ነኝ። መናኸሪያው አጠገብ ባለችው ጠባብ ሱቄ ውስጥ በብዛት የምሰፋው የመዘምራን ልብስ ነው። ሥራው አያልቅም። መዘምራን በየጊዜው ቀለም ይቀይራሉ፤ ቀለም ባይቀይሩ ደግሞ ይወፍራሉ። በተለይ በወፍራም ድምፅ የሚዘምሩት ከድምፃቸው ጋር እኩል ነው የሚወፍሩት። እነሱን እያሰፋሁ፣ እያጠበብኩ፣ ደግሞ መልሼ እያሰፋሁ እንጀራዬን ስጋግር ጨጓራዬ ጀመረኝ። ጎንበስ ብዬ የስፌት መኪናዬን ስረግጥ ከደረቴ አጥንት ሥር ፍም ያስቀመጡብኝ ያህል ያቃጥለኛል። ቀና ስል ይተወኛል። ቀና ብሎ የሚሰፋ ልብስ ሰፊ ደግሞ እስካሁን አላየሁም።

በእኛ ከተማ "ጨጓራዬን አመመኝ" ማለት "እስኪ ምከሩኝ" ማለት ነው። ልብስ ሊለካ የመጣው ሁሉ ሜትሩ አንገቱ ላይ እንዳለ መድኃኒት ያዝልኛል። አንዷ ተልባ አለችኝ። አንዱ የጥቅል ጎመን ጭማቂ አለኝ። የመዘምራኑ መሪ "ሐሳብ አታብዛ፣ ሐሳብ ነው ጨጓራ የሚልጠው" ብሎ ከመከረኝ በኋላ ልብሱ ለእሁድ ካልደረሰ ጉዴ እንደሚፈላ ነግሮኝ ሄደ። አንድ የባጃጅ ሾፌር ደግሞ ዳጣ፣ ያንን የሚያቃጥል የቃሪያ ድልህ፣ በደንብ ብላበት፣ ቃጠሎውን በቃጠሎ ይገድለዋል አለኝ። የሚገድለው በሽታውን ነው እኔን ብዬ ስጠይቀው ጥቂት አሰበና "ከሁለት አንዳችሁን" አለኝ። እኔም ሁሉንም ሞከርኩ። አዎ፣ ዳጣውንም። ያን ዕለት ሰማይ ቤት ደርሼ ቦታ አጥቼ ነው የተመለስኩት።

ነገሩን ቀልድ ያላደረገችው አክስቴ አማረች ብቻ ናት። አማረች የአባቴ እህት ናት፤ የምትኖረው ሌሞ ገጠር ውስጥ ነው፤ እኔን ያሳደገችኝም እሷ ናት። አባቴ እኔ ገና ልጅ ሳለሁ ሆዱን እንደያዘ ሞተ። ምን እንደገደለው ማንም አላወቀም። አንዱ ቁርጠት ነው አለ፣ አንዱ ጉበት ነው አለ፣ አንዱ የሰው ዓይን ነው አለ፣ ሁሉም የመሰለውን ብሎ ቀብሮት ተመለሰ። አማረች ግን አልተመለሰችም ማለት ይቻላል። እኔ ሆዴን ይዤ መጎንበሴን የሰማች ዕለት በጋሪ ከተማ ገባች፤ ሱቄ በር ላይ ቆማ፣ ሱሪው እየተለካለት ያለ ደንበኛዬ ፊት እንዲህ አለችኝ።

"የወንድሜን ሆድ ውስጡን ሳላይ ቀበርኩ። ያንተን ሳላይ አልሞትም።"

ደንበኛዬ ቀስ ብሎ ሱሪውን ከፍ አደረገና ነገ እመለሳለሁ ብሎ ወጣ። እኔም ሱቄን ዘግቼ አማረች እየነዳችኝ ሐኪም ቤት ሄድኩ።

እዚያ ሆዴን ነካ ነካ አደረጉና ኢንዶስኮፒ ያስፈልገዋል አሉ። ይሄን የሚያየው ስፔሻሊስት ከሌላ ከተማ በወር አንዴ ነው የሚመጣው። ቀጠሮ የምትሰጠው ሲስተር ለአማረች በትዕግሥት አስረዳቻት፤ ቀጭን ቱቦ ነው፣ ጫፉ ላይ ካሜራ አለ፣ በአፍ ይገባል፣ የሆድ ውስጡ ሁሉ በስክሪን ይታያል። አማረች ይሄን ስትሰማ ዓይኗ በራ። እኔም አያለሁ ወይ ብላ ጠየቀች። ሲስተሯ ሳቅ እያለች ዶክተሩ ከፈቀደ አለቻት። አማረች ከዚያ ዓረፍተ ነገር የሰማችው "ታያለሽ" የሚለውን ብቻ ነው፤ ሲስተሯ እንዳላለችው እስከ ዛሬ አላምን ብላለች።

ከዚያ ትእዛዙ መጣ። ከዋዜማው ማታ ጀምሮ ምንም ነገር አይቀመስም። ሆዱ ባዶ ካልሆነ ካሜራው ምንም አያይም፣ ቀጠሮውም ለሌላ ወር ይተላለፋል።

እንዴት ቀላል ነገር ነው አትሉም? የእኛን አገር ስለማታውቁ ነው። እኛ ዘንድ ሰው ቤት ገብቶ ሳይቀምሱ መውጣት ጠብ ፈልጎ የመጣ ሰው ሥራ ነው። እንግዳው "ጠግቤአለሁ" ሲል ባለቤቷ የምትሰማው "ጨምሪልኝ" የሚለውን ነው። "አሞኛል" ካለ ደግሞ አለቀለት፤ አታካና ይሠራለታል። አታካና ማለት ቡላ፣ ወተትና ቅቤ ነው፤ በተለይ ቅቤ። ሲቀርብላችሁ መሃሉ ላይ ቅቤው እንደ ኩሬ ይተኛል፣ እናንተም ዳር ዳሩን ይዛችሁ ወደ መሃል ትገባላችሁ። የተከበረ እንግዳ፣ አራስና በሽተኛ የሚበላው ምግብ ነው። ሦስቱንም ያልሆነ ሰው ደግሞ ከሦስቱ አንዱን ለመሆን ይጥራል።

በዋዜማው ለጃጁራ መዘምራን የሰፋሁትን ልብስ ማድረስ ነበረብኝ። ጠዋት ሄጄ ምሳ ሰዓት ላይ ልመለስ አሰብኩ። ነገር ግን ሁለት ዘማሪዎች ልብሱን ከተለኩ በኋላ ወፍረው ጠበቁኝ፤ እነሱን ሳሰፋ ቀኑ መሸት አለ። ልወጣ ስል አክስቴ አየለች መንገድ ላይ ያዘችኝ። አየለች የእናቴ እህት ናት፤ ጃጁራ ገበያ ላይ ቅቤ ትነግዳለች። መታመሜን ሰምታ ኖሮ ቤቷ ስደርስ አታካናው ተሠርቶ ይጠብቀኛል። የሐኪሙን ትእዛዝ ነገርኳት። ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች።

"የአባትህ ወገን ቤት ስትበላ ሐኪም አልከለከለህም። እኔ ቤት ስትመጣ ነው ሐኪም የሚመጣው?"

እንግዲህ ፍረዱኝ። አንድ ማንኪያ ብቻ አልኩ። አንድ ማንኪያ አታካና ግን የለም፤ ማንኪያው ሲወጣ ቅቤው ቦታውን ለመሙላት ይፈስሳል፣ ያልተነካ ይመስላል፣ አየለችም አልነካኸውም ትላለች። ሳህኑ ላይ የተሣለው አበባ ሲታየኝ ነው ምን እንዳደረግሁ የገባኝ። አበባው በጣም ያምር ነበር።

ብቻዬን ወደምኖርበት ወደ አባቴ ቤት ስመለስ አማረች ከገጠር መጥታ በር ላይ ተቀምጣለች። ምንም አልቀመስክም አይደል አለችኝ። ምንም አልኩ። ደግ ብላ መረቀችኝ። አገልግሏን ይዛ መጥታ ነበር፤ ከታየሁ በኋላ የምበላውን፣ የእሷን አታካና። አገልግሉን ከራስጌዋ አስቀምጣ ተኛች። እኔ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የጨጓራ ሕመምተኛ ብቻ ሳልሆን ወንጀለኛም ነበርኩ።

በማግስቱ በጎኔ አስተኙኝ፤ ጉሮሮዬ ላይ የሚያደነዝዝ ነገር ረጩብኝ፤ ቱቦውን እንዳልነክስ አፌ ውስጥ ክብ ፕላስቲክ አደረጉልኝ። አማረች ውጪ እንድትጠብቅ ተነገራት። እሷም እሺ አለችና ራስጌዬ መጥታ ቆመች። ዶክተሩ ወጣት ነው፤ ብዙ ሰው ስለሚጠብቀው ለክርክር ጊዜ አልነበረውም። ቱቦው ገባ። ቱቦ ሲገባ ምን እንደሚሰማ አልነግራችሁም፤ ገና ያልታያችሁ ካላችሁ እንዳትሸሹ ብዬ ነው።

ዶክተሩ ወዲያው ፊቱን አጨፈገገ። ምግብ አለ አለ። በልቷል አለ። አማረች ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለች፣ ገበያ ላይ ሸቀጥ እንደምታይ አንገቷን ዘንበል አድርጋ አየች።

"አታካና ነው" አለች።

ዶክተሩ የሌላ አገር ሰው ስለሆነ አታካና ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ። እሷም ቱቦው ሆዴ ውስጥ እንዳለ አሠራሩን ከቡላው ጀምራ ነገረችው። ወተቱ መቼ እንደሚገባ፣ እሳቱ ምን ያህል እንደሚሆን፣ ምንም አላስቀረችም። ቅቤው ላይ ስትደርስ ወሬዋን ትታ ጠጋ አለች። እንደገና ስክሪኑን አየች።

"የእኔ ግን አይደለም። የእኔን ትናንት አልሰጠሁትም። ይሄ የጃጁራ ቅቤ ነው፤ ይሄ አየለች ናት።"

እኔ ፕላስቲክ ነክሼ፣ ለሃጬ ትራሱ ላይ እየወረደ፣ ለመከላከያ የሚሆን አንዲት ቃል እንኳ መተንፈስ አልቻልኩም። ብችልስ ምን እል ነበር? ሰው ጎረቤት ሲመሰክርበት ዋሽቶብኛል ይላል። የገዛ ሆዱ በስክሪን ሲመሰክርበት ምን ይላል? ዶክተሩ ቱቦውን አወጣ፤ ለሚቀጥለው ወር ብሎ ወደሚቀጥለው ሰው ዞረ።

ቤት ስንደርስ አማረች አገልግሉን ከፍታ መብላት ጀመረች። ብቻህን እንዳትራብ ብዬ እኔም ትናንት ከምሳ ጀምሮ አልቀመስኩም ነበር አለችኝ። የዚያን ዕለት ቃጠሎ ጨጓራዬ ብቻ አልነበረም። አፍሬ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ሁለተኛው ቀጠሮ ረመዳን ውስጥ ወደቀ። አማረች ወሩን ሙሉ ስታስብበት ከርማ ኖሮ ዘዴዋን ይዛ መጣች። ቀጠሮው በዚህ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሆነ መከልከል ያለብኝ ከንጋት ጀምሮ ነበር። እንግዲህ አለች፣ ከንጋት ጀምሮ ምግብ የማይቀርብበት ቤት የት ነው? የሻፊ ቤት። ሻፊ የጭነት መኪና የሚነዳ አብሮ አደጌ ነው፤ እናቱ እማማ ዘይነባ ከአማረች ጋር ለረጅም ጊዜ ይተዋወቃሉ። ገና ጎህ ሲቀድ አማረች እጄን ይዛ ወሰደችኝና ለእማማ ዘይነባ እንደ አደራ ዕቃ አስረከበችኝ። ለምን እንደመጣሁ ግን በደንብ አልነገረቻቸውም። ታሟል፣ እዚህ ይዋል፣ ከዝሁር ሶላት በኋላ መጥቼ ወደ ሐኪም እወስደዋለሁ ብቻ ነው ያለቻቸው።

በዕድሜዬ እንደዚያ ሰላም ያለው ቤት ውስጥ ተቀምጬ አላውቅም። ጭስ የለም፣ ድስት የለም፣ "ብላ" የሚል የለም። ሻፊ ሌሊት ስለነዳ ተኝቷል። እኔም ግድግዳውን ተደግፌ፣ ምነው ዓመቱን ሙሉ ረመዳን በሆነ ብዬ እየተመኘሁ አሸለብኩ።

የነቃሁት በቅቤ ሽታ ነው። መጀመሪያ ሕልም መሰለኝ። ቀጥሎ እማማ ዘይነባ ከጓዳ ብቅ አሉ፤ በአንድ እጃቸው ሳህን፣ በሌላው ውሃ ይዘዋል። ሳህኑ ላይ ትኩስ ቆጮ፣ ከጎኑ በቅቤ የተለወሰ አይብ። እሳቸው እየጾሙ፣ ምራቃቸውን እንኳ እየተጠነቀቁ፣ በዚያ ዕድሜያቸው ምድጃ ሥር ተቀምጠው ለእኔ ለጴንጤው ምግብ ሠርተዋል። ሥጋ ብሠራልህ የእነሱ እርድ ነው ብለህ እንዳትቸገር አይብ አደረግኩልህ አሉኝ። በዚህች አነጋገራቸው ሆዴ ባባ፤ ደግሞም በእውነት ርቦኝ ነበር።

አልበላም አልኳቸው። ፊታቸው ጠቆረ። በሽተኛ እኮ በእኛም አይጾምም፣ አንተ ደግሞ ከነጭራሹ የእኛ አይደለህ፣ በምን ዕዳህ ነው የምትጾመው አሉኝ። ከመነሻው ጀምሬ ነገርኳቸው፤ ቱቦውን፣ ካሜራውን፣ የጃጁራውን ቅቤ፣ የአባቴን ነገር። በጥሞና ሰሙኝና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ።

"ታዲያ ጾሙን የነየትከው ለካሜራው ነው?"

አዎ አልኳቸው። ለካሜራ የሚጾም ሰው ገና አሁን አየሁ አሉና ሳህኑን ይዘው ቆሙ። አሁን ችግሩ የሳህኑ ሆነ። ምግቡ ተሠርቷል፤ እኔ አልበላም፣ እሳቸው አይበሉም፣ ሻፊ አይበላም፣ ጎረቤቱም ሁሉ ጾመኛ ነው። ሳህኑ መሃላችን እየጨሰ ሁላችንም ፊታችንን ወደ ሌላ አዞርን። ሻፊ ሽታው ቀስቅሶት ከእንቅልፉ ተነሣ፤ አይቶን፣ ሳህኑን አይቶ፣ "እማዬ፣ ይሄን ሰውዬ ከነምግቡ ውሰጂልኝ" ብሎ ተመልሶ ተከናነበ። በመጨረሻ እማማ ዘይነባ ሳህኑን በፎጣ አጥብቀው ጠቀለሉ፤ አማረች ስትመጣ አስያዟት፤ ሐኪሙ ካየው በኋላ ይብላው፣ ተሠርቶ ያልተበላ ምግብ ደስ አይለኝም አሉ።

በዚህ ዓይነት ሐኪም ቤት ስንደርስ አማረች በግራ እጇ የእማማ ዘይነባን ሳህን፣ በቀኝ እጇ የራሷን አገልግል ይዛ ነበር። የእኔን ሆድ ግን ብታንኳኩት ያስተጋባ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ በባዶነቴ ኮርቼ አላውቅም።

ኮሪደሩ ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር ሞልቷል። ሁሉም የሚጠብቁት ያንኑ ቱቦ ነው። ከአንጋጫ ሴት ልጃቸው ያመጣቻቸው አንድ ሽማግሌ አሉ፤ ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ ምርኩዛቸውን ደግፈው ተቀምጠዋል። ከእሳቸው ቀጥሎ አንድ መምህር፣ ከዚያ ሁለት ነጋዴዎች፣ ከዚያ ሌሎች። እኔ የሁሉም መጨረሻ ነኝ። ሲስተሯ ወጥታ ዶክተሩ ዛሬውኑ እንደሚመለስ፣ መምሸቱ ስለማይቀር ከወደ መጨረሻ ያላችሁት ለሚቀጥለው ወር ልትተላለፉ ትችላላችሁ ብላ ተናግራ ገባች። አማረች አየችኝ። እኔም አየኋት። አገልግሉን ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

በዚህ መሃል ግፊት ልለካ ጠሩኝና ወደ ሌላ ክፍል ገባሁ። ብዙም አልቆየሁም። ስመለስ ኮሪደሩ ያልተለመደ ፀጥታ ነግሦበታል። ጠጋ ስል ነው ፀጥታው ምን እንደሆነ የገባኝ። ሰዉ ሁሉ እያኘከ ነበር።

ነገሩን በኋላ ሰው ሰው ጠይቄ ነው ያገጣጠምኩት። አማረች ይቀዝቅዝ አይቀዝቅዝ ልየው ብላ አገልግሉን ከፈተች። ሽታው በኮሪደሩ ሄደ። የአንጋጫው ሽማግሌ ሳይዞሩ አታካና ነው ወይ ብለው ጠየቁ። ነው አለች። የሌሞ ቅቤ እንዲህ ይሸታል ወይ አሉ። ቅመሱና ፍረዱ አለቻቸው። ሽማግሌው ሐኪም ከልክሎኛል አሉ። እሷም ቅቤውን ብቻ አለች። ሽማግሌው ደግሞ የእናት እጅ መልሰው አያውቁም። እሳቸው ከቀመሱ መምህሩ እንዴት ቁጭ ብሎ ያያል? አንድ ጉርሻ ምግብ አይባልም ብሎ ለራሱ ትምህርት ሰጠና ጎረሰ። ነጋዴዎቹ መምህሩን አዩ። አገልግሉ ሲጋመስ የእማማ ዘይነባ ፎጣ ተፈታ። እኔ ስደርስ አማረች የመጨረሻዋን ሴት "በሞቴ" እያለች ታጎርስ ነበር።

ልክ ያኔ በሩ ተከፈተ። ዶክተሩ ራሱ ነው የወጣው። ቆም ብሎ አሸተተ። ዓይኑ ከወንበሩ ጫፍ እስከ ጫፍ ሄደ፤ የሚያብረቀርቅ ከንፈር በከንፈር ላይ ተደርድሮ አየ። ሽማግሌው ወደ ጣራው ማየት ጀመሩ። መምህሩ ጫማውን አሰረ፤ ማሰሪያ የሌለው ጫማ ነበር ያደረገው። ዶክተሩ በጣም ቀስ ባለ ድምፅ፣ "ባዶ ሆድ ያለው ይግባ" አለ።

ማንም አልተነሣም። እኔ እንደ ተማሪ ጣቴን አወጣሁ።

ገባሁ። አማረችም ገባች፤ በዚህ ጊዜ ውጪ ጠብቂ የሚላትም አልነበረም። በጎኔ ተኛሁ፣ ፕላስቲኩን ነከስኩ፣ ቱቦው ወረደ። ዶክተሩ ዝም ብሎ ያያል። ስክሪኑን ከተኛሁበት ማየት ስለማልችል የማየው የአማረችን ፊት ነበር። ፊቷ ላይ ያለውን አላውቀውም፤ ሰው መቃብር ከፍቶ ሲያይ እንደዚያ ሳይሆን አይቀርም።

ድንገት ዶክተሩ እዚህ ጋ ብርሃን የሚመልስ እብጠት አለ፣ እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም አለ። ልቤ ቀጥ አለ። ቱቦውን ወደ ግራ አዞረ፣ እብጠቱ ባለበት ነው። ወደ ቀኝ አዞረ፣ ባለበት ነው። ወደ ኋላ ሳበው፣ እብጠቱ ከእኔ ሆድ ጋር አልሄደም። ሲስተሯ ጠጋ ብላ ስክሪኑን በሶፍት ጠረገችው። የአማረች ጣት ነበረች፤ ስክሪኑን ስትነካ የተወችው ቅቤ ነው።

ከቅቤው ሥር ግን እውነተኛዋ ነገር ነበረች። ትንሽ ቀይ ቁስል። ዶክተሩ ለጥንቃቄ ናሙና ልውሰድ፣ ነገር ግን የሚያሰጋ አይመስልም፣ በመድኃኒት የሚድን ቁስል ነው አለ። አማረች በጣቷ ሳይሆን በአገጯ ወደ ስክሪኑ አሳየች።

"ይህቺ ናት? የወንድሜም ይህችው ነበረች?"

ዶክተሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ዞሮ በደንብ አያት። እናቴ፣ ሳይታይ ማወቅ አይቻልም አላት። ቆሽትም፣ ጉበትም፣ ሌላም ሊሆን ይችላል፣ ይህም ሊሆን ይችላል። አማረች ራሷን ነቀነቀች። እኔስ ያልኩት እሱን አይደል፣ ሳያዩ አይታወቅም አለችና አለቀሰች። ድምፅ አልነበረውም። እጄን ይዛ ነበር፤ እጇ በቅቤ ስለሚያዳልጥ ደጋግማ ታጠብቀው ነበር። እኔም አፌ በፕላስቲክ ተይዞ እንደተኛሁ ዓይኔ እንባ ሞላ። ሲስተሯ አይዞህ፣ አለቀ አለችኝ፤ ከቱቦው መስሏት ነው።

ከዚያ ዶክተሩ ኮሪደሩ ላይ ወጥቶ ሁሉንም እንደ ጥፋተኛ ተማሪ አቁሞ ተቆጣ። አንድ ሰው ቢቀር ለሌላ ወር አስተላልፌ እሄድ ነበር፣ ይሄን ሁሉ ሰው ግን ጥዬ ልሄድ አልችልም አለ። አድሮ ጠዋት ሊያያቸው ወሰነ፤ ከማታ ጀምሮ ማንም ምንም እንዳይቀምስ አዘዘ። በመጨረሻ ወደ አማረች ዞሮ እርስዎ ነገ እዚህ ግቢ እንዳይደርሱ አላት። እሷ ግን ከሩቅ የመጡት የት ያድራሉ ብላ ጠየቀችው። ያን አላሰበበትም። አማረች አሰበችበት። ሽማግሌውን ከነልጃቸው፣ ነጋዴዎቹንና መንገድ የራቀባቸውን ሁሉ ሰብስባ ወደ አባቴ ቤት ነዳቻቸው።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል አየለች ከጃጁራ መጣች፤ ተርፌ እንደሆነ ልታይ። ድስት ይዛ ነው፤ ምን እንዳለበት መገመት ትችላላችሁ። አማረች በሩ ላይ ቆመች። አማረች በዕድሜዋ ምግብ ይዞ የመጣን ሰው ከበር መልሳ አታውቅም፤ ስትመልስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ዛሬ በዚህ ቤት አይበላም አለቻት። አየለች ጠብ መሰላት፤ የጃጁራውን ነገር ሰምታ ስለነበር ይቅርታ መጠየቅ ጀመረች። አማረች ግን አንገቷን አቅፋ ስማ፣ ውስጥ ያሉትን ሰዎች አሳየቻት። ሁለቱ ድስቱን ክዳኑን ጠቅጥቀው መሃላቸው አስቀመጡና ደጃፉ ላይ ዘበኛ ሆነው ተቀመጡ። ማንም ወደ ድስቱ ሲያይ አማረች ጉሮሮዋን ትጠርጋለች።

እኔ ግን ታይቼ ጨርሻለሁ። የጉሮሮዬ መደንዘዝ ለቆኛል። ዶክተሩ ለስላሳ ለስላሳ ምግብ ብላ ብሎኛል። ከንጋት ጀምሮ አልበላሁም። ወደ አማረች ጠጋ ብዬ በሹክሹክታ እኔ እንኳ ልቅመስ እንዴ አልኳት። አንተ ስትበላ እነዚህ የተራቡ ሰዎች ቁጭ ብለው ሊያዩህ ነው ወይ አለችኝ። አፈርኩ። ብዙ ደክሜ የፈለግሁት ባዶ ሆድ የማልፈልገው ጊዜ ላይ ሙሉ ለሙሉ የእኔ ሆነ።

ሆኖም አንድ ነገር ይከነክነኝ ነበርና አጠገቧ ተቀመጥኩ።

"አክስቴ፣ እነዚህ ሰዎች መብላት እንደማይችሉ ታውቂ አልነበር?"

"የተራበ ሰው አጠገቤ ተቀምጦ፣ እኔ ምግብ ይዤ ዝም ልበል?"

እውነቷን ነው፤ አትችልም። እንደማትችል ደግሞ ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ። ልነሣ ስል ግን እጅጌዬን ያዝ አደረገችኝ። ዓይኗ ደጁን ነው የሚያየው።

"ተራህ ስንተኛ ነበር?" አለችኝ።

"የመጨረሻ።"

"ማን ቀድሞ ገባ?"